ትርንጎ መለከቱን ለምን አልነፋችም

ሉማሜ ላይ ሻይ ቤት ከከፈትኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ያልሰማሁት ክርክር የለም። የድንበር ክርክር ሰምቻለሁ፣ የማዳበሪያ ክርክር ሰምቻለሁ፣ የኳሱንማ ተዉት። እንደ መለከቱ ክርክር ያደከመኝ ግን የለም። በዓለም ላይ የሌለ መለከት፣ የሌለች ሴት ይዛው፣ በሌለ ገደል ውስጥ ለምን አልነፋችውም ብሎ የልጆች አባት የሆነ ሰው ጠረጴዛ ይደበድባል። ብርጭቆ የሚሰብሩት እነሱ፣ ስብርባሪ የምለቅመው እኔ።

ይህ ሁሉ የመጣው በባሌ በዘማርያም ነው። ልክ ልናገር ካልኩ ደግሞ በእኔ ነው፤ እሱን እደርስበታለሁ።

ዘማርያም ልጅነቱን ዲማ ከሊቃውንቱ እግር ስር ሲማር ያደገ ሰው ነው። በኋላ ዘመናዊውን ትምህርት ተምሮ እዚሁ ሉማሜ ሃያ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተማረ። በዘጠና ስድስት ዓይኑን ያዘው። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰድኩት፣ አዲስ አበባም ወሰድኩት፣ ጠበልም አስጠመቅኩት። ግላኮማ ነው፣ የሄደው አይመለስም አሉን። ሰው ሁሉ «የኔታ» ይለዋል። እኔም በሰው ፊት «የኔታ»፣ «እርስዎ» ነው የምለው። ስናደድ ብቻ «አንተ» ይመጣል። አሁን ግን እኔና እናንተ ብቻ ስለሆንን «እሱ» ልበለውና ልረፍ።

ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ውሎው ሻይ ቤቴ ጥግ ነበር፤ ዱላውን በጉልበቱ መሀል አድርጎ ይሰማል። ከሚሰማቸው ሰዎች ሁለቱ ከሌሎቹ የባሱ ናቸው። አንዱ ሚንሃጅ ነው፤ ከእኔ ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ያለው። ሌላው ድረስ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምር። ሚንሃጅ የውጭ ፊልም ያመጣል፣ ድረስ እንግሊዝኛውን ይተረጉማል። ንጉሥ፣ ጠንቋይ፣ እሳት የሚተፋ አውሬ፣ አስማተኛ ሰይፍ ያለበት ረጅም ፊልም። አይተው ሲጨርሱ ሻይ ለመጠጣት ወደ እኔ ይመጡና ጭቅጭቃቸው ይጀመራል። ክንፍ ያለው ፈረስ ያለው ንጉሥ ለምን ጭቃ ለጭቃ በእግሩ ዘመተ? ጠንቋዩ የሚሰወር ከሆነ እስር ቤት ምን አስቀመጠው?

አንድ ቀን ዘማርያም ከጥግ ሆኖ፣ «ይሄ ጥል ይባላል» አላቸው።

ሁለቱም ዞሩ። ዲማ እያለ እንዴት እንደተማረ ነገራቸው። የመጽሐፉ አንዱ ቦታ አንድ ነገር ይላል፣ ሌላው ቦታ ሌላ ይላል። ያን ጊዜ መምህሩ ተማሪዎቹን «ይህ ከዚያ አይጣላምን?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ዝም ብሎ «ተጣላ፣ መጽሐፉ ተሳሳተ» ብሎ መነሳት የለም። መጽሐፉ ልክ ነው፣ የጎደለው አንባቢው ነው ብለህ ትጀምርና እስኪታረቅ ድረስ ታስባለህ፤ ሲታረቅ «አይጣላም» ትላለህ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አበቃ። በፊልሙ ውስጥ የማይገጥም ነገር ሁሉ ስሙ ጥል ሆነ፣ መልሱ እርቅ። አንዱ «ይህ ይጣላል!» ብሎ ይነሳል፣ ሌላው «አይጣላም!» ብሎ ይቀበለዋል። መንገደኛ ሲሰማቸው ለሽምግልና የተቀመጡ ይመስለዋል።

ታዲያ ድረስ አንድ ቀን፣ «የኔታ፣ የርስዎ መጽሐፍ የእግዚአብሔር ቃል ነው፣ አይሳሳትም። ፊልም የሚጽፍ ሰው ግን ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ረጅም ታሪክ ያለ ጥል መጻፍ አይቻልም» አለው። ዘማርያም ዱላውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረገ። «እንግዲያውስ የማይጣላ ታሪክ እኔ እነግራችኋለሁ» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለስ የለም።

እንዲህ ብሎ ጀመረ። ግን ዓይን የለው፣ እንዴት ይጻፍ? ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ሚስት አለችው አይደል። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። በየወሩ በሚካኤልና በማርያም ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ድረስ ሻይ ቤት ውስጥ ቆሞ ለሰው ያነባል። ለምን በበዓል ቀን ሆነ ብትሉ፣ በበዓል ሥራ ስለሌለ ነው። ሥራ የሌለው ለማን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። ገበሬው በበዓል አያርስም፤ ስለዚህ ከተማ ይወጣል፣ ከተማ ሲወጣ ሻይ ይጠጣል፣ ሻይ የማፈላው እኔ ነኝ። የእኔ በዓል ብርጭቆ እጥበት ነው። እጄን ጠርጌ ሳልጨርስ «የብርጓል፣ ደብተሩን አምጪ» ይለኛል።

ታሪኩ ታዲያ ጥሩ ነበር፤ ሐሰት አልናገርም። ዝናብ ሰርቆ ዋሻ ውስጥ የቆለፈ ንጉሥ አለ። አገሩ ሲደርቅ ትርንጎ የምትባል ሴት አርባ ሕፃናትና ጥቂት ጎበዛዝት ይዛ ዝናቡን ልታስፈታ ትነሳለች። የያዘችው አንድ መለከት ነው። መለከቱ ሲነፋ ተራራው ላይ የተቀመጡት የድንጋይ አሞሮች ነፍስ ይዘራባቸውና ይመጣሉ፤ ጠላትን እንደ ጫጩት ለቅመው ይጥላሉ። ትርንጎን እወዳት ነበር። እየጻፍኩ ወጥ አሳርሬባታለሁ።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የመጋቢት ማርያም፣ ሁዳዴ ነው። የዚያን ዕለት ገና ሳይነጋ ተነስቼ ለመንገደኛ ቦምቦሊኖ ጠብሻለሁ። ረፋድ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አውቶቡስ በሬ ላይ ተበላሸና ስልሳ ሰው ወረደብኝ። ግማሹ ይጾማል፣ ግማሹ አይጾምም፤ ሁሉም ይጮኻል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ሰው ሽሮ ብሎ መጣ። አሥር ሰዓት ላይ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ ብሎኛል፤ እኔ ራሴ እህል አልቀመስኩም። «የብርጓል፣ ደብተሩን አምጪ» አለኝ። አመጣሁ።

አምስተኛው ደብተር ነው። «ትርንጎ ወንዙ አፋፍ ላይ ደረሰች» አለ። ያቺን ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። አልተኛሁም፤ እሱ ሲናገር እሰማለሁ፣ እጄ ግን እንቢ አለ። በደንብ ነበር የሚናገረው፤ ደስ ብሎታል፣ ፊቱ ያበራል። «ቆይ፣ ደክሞኛል» ማለት ነበረብኝ። ለምን እንዳላልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዘማርያም የእስክሪብቶውን ድምፅ እየሰማ ነው የሚያስጽፈኝ፤ ድምፁ ሲቆም እሱም ይቆማል። ስለዚህ እስክሪብቶውን ገለበጥኩና በጀርባው የደብተሩን ሽፋን ጫር ጫር አደረግሁት። እሱ ሲናገር እኔ ስጭር፣ እሱ ሲናገር እኔ ስጭር፣ የወንዙ ነገር አለቀ። «ጻፍሽ?» አለኝ። «ጻፍኩ» አልኩት። ሌላ ጊዜ «እስቲ መልሰሽ አንብቢልኝ» ይል ነበር፤ ያን ቀን አላለም።

ነገ እንደገና አስነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ነገ ሌላ አውቶቡስ መጣ። በሚቀጥለው ሚካኤል ደግሞ እሱ ከወንዙ ማዶ ጀመረ፤ እኔም ከወንዙ ማዶ ጻፍኩ። ድረስ ያቺን ቦታ ለሰው ያነበበባት እሑድ ዘማርያም ጉንፋን ይዞት ቤት ተኝቶ ነበር፤ ከስንት ደብተር ውስጥ አንዲት ገጽ ብትጎድል ማን ያውቃል አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በጥቅምት፣ አንድ እሑድ፣ ድረስ ስድስተኛውን ደብተር ሲያነብ ሰዎቹ ገደል ውስጥ የተከበቡበት ቦታ ላይ ደረሰ። የንጉሡ ወታደር ከላይ ድንጋይ ያንከባልላል፣ ጎበዛዝቱ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። «ሰዎቹ ሁሉ ትርንጎን አዩ፤ ትርንጎ ግን መሬት መሬቱን አየች» ይላል። ድረስ ማንበቡን አቆመና መነጽሩን አወለቀ።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «መለከት ይዛ የለም እንዴ? ለምን አልነፋችም? አሞሮቹ ቢመጡ እኮ አንድም ሰው አይሞትም። ይህ ይጣላል።»

ሰው ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ። ዘማርያም ግን ፈገግ ብሏል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር የኖረው። «አይጣላም» አለ። «መለከቱን ለወንዙ ሰጥታዋለች። ወንዙ፣ ከያዝሽው ሁሉ የሚከብድሽን ካልሰጠሽኝ ልጆቹን አላሻግርም አላት። ወረወረችለት። ሌሎቹ ተስፋ እንዳይቆርጡ ለማንም አልተናገረችም። ገደሉ ውስጥ መሬት መሬቱን ያየችው ለዚህ ነው። አምስተኛው ደብተር ላይ አለልህ፣ አውጣው።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ድረስ አምስተኛውን ደብተር አወጣ። ገለጠ፣ ፈለገ፣ ወደ ኋላ መለሰ። «‹ትርንጎ ወንዙ አፋፍ ላይ ደረሰች› ይላል። ቀጥሎ ‹በማግሥቱ ከወንዙ ማዶ ልጆቹ እሳት አንድደው ነበር› ነው የሚለው።» ሚንሃጅ ደብተሩን ተቀብሎ አየ። ሦስት ጊዜ አዩ። የለም።

ዘማርያም ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ዓይኑ ባያይም የቆምኩበትን ቦታ ያውቀዋል። «የብርጓል፣ ጽፈሽዋል አይደል?» አለኝ።

ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ሰላሳ ሰው ያየኛል። «የነገሩኝን ጽፌያለሁ፣ የኔታ» አልኩት። ከዚያ ቀና አላልኩም።

ለነሚንሃጅ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ ስለ መለከቱ ብቻ ነው የሚወራው። ሚንሃጅ፣ «ትርንጎ ከንጉሡ ጋር ተዋውላለች፣ ከዳተኛ ናት፤ ያፈረችው ለዚህ ነው» ይላል። ድረስ በጠመኔ ግድግዳዬ ላይ ገደል ስሎ፣ ድምፅ እዚህ ሲመታ እዚያ ይመለሳል፣ ወደ ላይ አይወጣም፣ ብትነፋም አሞሮቹ አይሰሙም እያለ ያስረዳል። ግድግዳውን በጥምቀት ዋዜማ ያስቀባሁት እኔ ነኝ። ሰው ለሁለት ተከፈለ። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተማሪዎች መጥተው አዳምጠው ሄዱ። ወንዙን ማንም አላነሳውም፤ ደብተሩ ላይ የለማ። ነገርን ነገር ያነሳዋል እንደሚባለው፣ አንዱ ሌላውን እየወለደ ታሪኩ ከእጃችን ወጣ።

ዘማርያም ግን ክርክሩ ውስጥ አልገባም። ሲጠይቁት «እኔ እንጃ፣ ደብተሩ እንዳለው ነው» ብቻ ይላል። ታሪኩን ማስጻፍ ተወ። ሚካኤል መጣ፣ ማርያም መጣች፣ ደብተሩን አምጪ የሚለኝ ጠፋ። እግዜር ይይልኝ፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሁለት በዓል አረፍኩ።

ቆይቼ ነው የገባኝ። ጠዋት ጠዋት ዳዊት ሲደግም ያቋርጥና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። መርሳቱ አይደለም፤ ራሱን እየፈተነ ነው። «በሰባ ሰባት ያስተማርኳቸው ልጆች ስም ዝርዝር እስቲ ልንገርሽና ስህተት ካለ ንገሪኝ» ይለኛል። እኔ በምን አውቃቸዋለሁ? ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ሻይ ቤቱ ያለውን እርምጃ ይቆጥራል። ትናንት ስንት ነበር ብሎ ይጠይቀኛል።

ዲማ ያስተማሩት የኔታ አምደሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሲነግረኝ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። መጽሐፍ ሳይገልጡ ከልባቸው የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። በስተርጅናቸው አባታችን ሆይን እኩሌታው ላይ ደርሰው ቆሙ፤ የቀረው አልመጣ አላቸው። በኋላ ተማሪዎቻቸውን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ማለት ጀመሩ። እጃቸውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ዘማርያም ነበር። በዓለም ላይ አንድ የሚፈራው ነገር ቢኖር ያ ነው። ዓይኑ ሲጠፋ አላለቀሰም፤ «የሚያስፈልገኝ ልቤ ላይ አለ» ብሎኝ ነበር። አሁን ልቤ ላይ የለም ብሎ አመነ። ስለ ወንዙ ያስጻፈው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፤ ደብተሩ ግን አላልክም አለው። ሚስቱም አላልክም አለችው።

ገና ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጠራኝ። «ዲማ ውሰጅኝ» አለ። «እኅቴ ወለተ ሰንበት ዘንድ። ከገዳሙ ሥር ልሁን። የኔታ የደረሰባቸው ሊደርስብኝ ነው። አንቺን ‹ማን ነሽ› ሳልልሽ ልሂድ። አንቺ ደግሞ ከሥራሽ ላይ እኔን አትችይኝም።»

ያን ጊዜ ቁጭ አልኩና ነገርኩት። «የኔታ፣ ተናግረውታል። የወንዙን ነገር አስጽፈውኛል። ያልጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ፈገግ አለ። «እስክሪብቶሽ ሲጽፍ እኮ እሰማ ነበር» አለኝ።

እስክሪብቶውን በጀርባው ነው የጫርኩት ማለት አቃተኝ። አለመጻፉ ሌላ፣ ዓይነ ስውር ባልን በድምፅ ማታለል ሌላ። «ብቻ አልጻፍኩትም፤ ወንዙ የሚከብድሽን ስጪኝ አላት ብለው ነግረውኛል» አልኩት።

«ይህንንማ በጥቅምት ለሰው ሁሉ ስናገር ሰምተሽዋል» አለና እጄን ፈልጎ ያዘኝ። «አንቺ ደግ ነሽ የብርጓል። ለእኔ ብለሽ ራስሽን ጥፋተኛ አታድርጊ።»

እሑድ ለነድረስ ነገርኳቸው፤ እነሱ እንኳ ያሳምኑልኝ ብዬ። በሰው ፊት ቆሜ «ገጹ የጎደለው በእኔ ነው፣ የኔታ ልክ ናቸው» አልኩ። ድረስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ይገባናል» አለኝ። ለበሽተኛ አስታማሚ የሚናገርበት ድምፅ ነበር። ሚንሃጅ ደግሞ፣ «ኧረ እትዬ የብርጓል፣ ስህተት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያምራል? ይሄ የታሰበበት ነው። የኔታ ሆን ብለው ነው ያላስጻፉት፤ አሁን ደብቀውን ነው» አለ። ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ደገፈው። ሦስት ወር የተከራከሩበትን ነገር፣ ሻይ የምታፈላ ሴት ደክሟት ነው ብትሏቸው ማን ደስ ይለዋል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት እያደር ደፈረሰ።

የጥምቀት በዓል አለፈ። ጥር አሥራ አራት ጠዋት የደጀን መኪና ልንሳፈር ሻይ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ከደጀን ወደ ብቸና፣ ከብቸና በኋላ የሚሆነውን እናያለን። ዘማርያም አዲስ ጋቢ ለብሷል፣ ዳዊቱን በጨርቅ ጠቅልሎ እቅፉ ውስጥ ይዟል። መኪናው ዘገየ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ጋቢውን ትከሻው ላይ ሳስተካክልለት የእንግዳ ያህል ተጠነቀቀኝ። ይህን ጊዜ ንዴት መጣብኝ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። ተነሳሁና አምስተኛውን ደብተርና እስክሪብቶ አመጣሁ።

«ንገረኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ወንዙን። መኪናው እስኪመጣ ንገረኝና ልጻፈው።»

«ምን ያደርጋል አሁን?»

«ንገረኝ አልኩህ።»

አንተ ስለው ነገሩ እንደከረረ ገባው። ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። መጀመሪያ እየፈራ፣ ቃል ቃል እያለ፤ በኋላ እንደ ድሮው። «ትርንጎ ወንዙ አፋፍ ላይ ደረሰች። ሰባት ቀን አልተኛችም። ወንዙም አላት፦ ከያዝሽው ሁሉ የሚከብድሽን ካልሰጠሽኝ ልጆቹን አላሻግርም። ትርንጎም የያዘችውን ሁሉ መዘነች። ስንቁ ይከብዳል፣ ሰይፉ ይከብዳል። መለከቱ ከሁሉ ይቀላል። የሚከብዳት ግን መለከቱ ነበር፤ ሌላውን ሲደክማት ታስቀምጠዋለች፣ እሱን ግን ተኝታም አታስቀምጠውም። ስለዚህ መለከቱን አወጣች፤ በቀኝ እጇም ወረወረችው…»

እየጻፍኩ ነበር። እጄ በራሱ ቆመ።

«መጀመሪያ በግራ ነበር ያልከው» አልኩት።

«ምን?»

«ያን ጊዜ። በግራ እጇ ወረወረችው አልከኝ። ከዚያ ዝም አልክና፣ ‹አይደለም፣ በቀኟ በይው፤ ግራዋን ሦስተኛው ደብተር ላይ እሳት በልቶታል፣ ይጣላል› አልከኝ። ደግሞ ሳቅህ። ‹ድረስ ይህችን ባገኘብኝ ነበር› ብለህ ሳቅህ።»

ዘማርያም አልተንቀሳቀሰም። ዳዊቱን የያዙት ጣቶቹ ብቻ ላላ አሉ። «ይህን በጥቅምት አልተናገርኩም» አለ ቀስ ብሎ።

«አልተናገርክም።»

«ለማንም አልተናገርኩም።»

«ለእኔ ብቻ ነው የተናገርከው። በመጋቢት ማርያም።»

«እስክሪብቶው ግን ይጽፍ ነበር። ሰምቻለሁ።»

እስክሪብቶውን ገለበጥኩና የደብተሩን ሽፋን በጀርባው ጫር ጫር አደረግሁት። አንገቱን አዘንብሎ ሰማ። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን?» አለ።

«ደክሞኝ ነበር» አልኩት።

ይህን ጊዜ የደጀኑ መኪና በር ላይ ደርሶ ጥሩምባውን ነፋ። ረዳቱ «ደጀን፣ ደጀን» እያለ ይጮኻል። ዘማርያም እጁን ወደ በሩ አወናጨፈ። ሂዱ ማለቱ ነው። ወጥቼ ሂዱ አልኳቸው፤ ቦታ ይዛችሁብን ነበር ብሎ ረዳቱ ሰድቦኝ ሄደ።

ስመለስ እንደተቀመጠ ነው። ፊቱን ሳየው፣ ጤነኛ ነኝ ብሎ የተደሰተ ሰው ፊት አይደለም። «ያን ቀን ብቻ ነው የደከመሽ?» አለኝ።

ልመልስለት ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ዕንባ ቀደመኝ። ስንት ደብተር ስንጽፍ፣ ስለ ትርንጎ ድካም ስንት ገጽ ሲያስጽፈኝ፣ ይህን አንድ ጊዜም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ነግሬው አላውቅም። ዕንባዬን አላየም፣ ግን ይሰማል። እሱም አለቀሰ፤ ዓይኑ ሲጠፋ ያላለቀሰው ሰውዬ።

ከዚያ ተነሳ። ጋቢውን አወለቀና ወደ ድምፄ ዘረጋው። «መደቡ ላይ ተኚ» አለኝ።

«ምድጃው ላይ ውሃ ጥጄአለሁ…»

«አውርጂውና ተኚ።»

ተኛሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በሥራ ቀን፣ በሻይ ቤቴ መደብ ላይ። እሱ በርጩማውን በዱላው እየመራ በሩ ላይ አስቀመጠና ቁጭ አለበት። ትንሽ ቆይቶ የሚንሃጅን ነጠላ ጫማ ሰማሁት፤ መኪናው ስላልወሰደን ሊጠይቅ ነው የመጣው።

«የኔታ፣ ሳይሄዱ ቀሩ? እሰይ። በሉ ሻይ እንጠጣ፣ ትናንት የመለከቱን ነገር ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ…»

«ሻይ የለም» አለው ዘማርያም።

«እንዴት?»

«የብርጓል ተኝታለች።»

ሚንሃጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቤት ሻይ ሲጠጣ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። «አሟት ነው?» አለ።

«አላመማትም» አለ ዘማርያም። «ደክሟት ነው።»

ሚንሃጅ ወደ ውስጥ አንገቱን ሊያሰግግ ሲል ዱላው በሩን ሲዘጋበት ሰማሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ዓይኔን ግን አልገለጥኩም።